ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ እኔ ግን ለእናቴ ፈራሁ

የምክር ዓምድ፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም.

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም ጠያቂ እሆናለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ዕድሜዬ 41 ነው። በኮሮና ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ሲዘጋ በክፍሌ 63 ልጆች ነበሩ፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነው ነበር የሚቀመጡት። አሁን የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ጥቅምት 30 ይከፈታሉ ተብሏል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሌሊት ልቤ ይመታል፤ ሆዴ ይገለባበጣል። ከእናቴ ጋር በሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው የምንኖረው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። በመምህራን ስብሰባ ላይ ስለ ውኃና ስለ መስኮት ስጠይቅ አንድ ባልደረባዬ "ፈሪ ለእናቱ" ብሎ አሳቀብኝ። ርዕሰ መምህራችንም "የፈራ ቤቱ መቀመጥ ይችላል" ብለው ስብሰባውን ዘጉት። ለእናቴ እስካሁን ምንም አልነገርኳትም። ልጆቹ ደግሞ ናፍቀውኛል። ሮጠው መጥተው ሲያቅፉኝ ምን ላድርግ? ሥራዬን ልልቀቅ? እባክዎ አንድ ነገር ይበሉኝ።»

የአራተኛ ክፍል መምህርት

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር አስተዋልኩ። «እኔ ብታመምስ?» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። ስለ ልጆቹ ጽፈሻል፣ ስለ ውኃው ጽፈሻል፣ የራስሽን ጤና ግን ረስተሽዋል። ሌሊት የሚቀሰቅስሽ በጎን ክፍል የተኙት እናትሽ ናቸው። ባልደረባሽ ሊያሳቅብሽ ብሎ የተናገረው ተረት እንግዲህ ሳያውቀው እውነት ሆኖለታል፤ የሚያሳፍር ነገር ግን የለበትም።

በአገራችን እስከዚህ እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ድረስ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች በቫይረሱ መያዛቸው ተረጋግጧል፤ ከ1,200 በላይ ወገኖቻችንን ቀብረናል። ሕመሙ የሚጠናው በአረጋውያን ላይ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብና የሳንባ ሕመም ባለባቸው ላይ መሆኑም በዓለም ሁሉ ታይቷል። የአንቺ እናት ዕድሜውም፣ ስኳሩም፣ ደም ግፊቱም አለባቸው። ይህን እያወቀች በስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ «ውኃ አለ ወይ?» ያለች መምህርት ሥራዋን በትክክል ሠርታለች። «መምህር ሻማ ነው፤ ራሱ ቀልጦ ለሌላው ያበራል» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ እኔም ጠመኔ ይዤ ለዓመታት የቆምኩ ሰው ነኝና አባባሉን ከቶ አልወደውም። ቀልጦ ያለቀ መምህር ማንንም አያስተምርም። ልጆቹ የሚፈልጉት ሰኔ ላይም ቆማ የምታስተምር መምህርታቸውን ነው።

ጥያቄው የአንቺ ብቻ አለመሆኑንም እወቂ። በኒውዮርክ ከተማ መምህራን በማህበራቸው በኩል ስለ ክፍሎቹ የአየር ዝውውርና ስለ ምርመራ ጠንካራ ጥያቄ አንስተው፣ ትምህርት ቤቶች በአካል የሚከፈቱበት ቀን ሁለት ጊዜ ተገፍቷል። በጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ጥቅምት 2 ቀን ቀድመው ከገቡት መካከል የአንቺ እኩዮች፣ የአራተኛ ክፍል መምህራን ይገኙበታል። በእኛም አገር ባለፈው ጥቅምት 9 የገጠር ትምህርት ቤቶች ጀምረዋል። አንቺ የምትፈሪውን ደጅ ብዙ መምህራን እየፈሩ አልፈውበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለእናትሽ አለመንገርሽን አልወደድኩልሽም። እናትሽ የ68 ዓመት አዋቂ ሴት ናቸው፤ በገዛ ሕይወታቸው ጉዳይ አንቺ ብቻሽን ሌሊት ሌሊት ስትመክሪ ከርመሻል። እንዳይጨነቁ ብለሽ መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን እናት የልጇን እንቅልፍ ማጣት ከግድግዳ ማዶ ሆና አትሰማም ብለሽ ነው? ምናልባት እሳቸውም ላንቺ ብለው ዝም ብለው ይሆናል።

ስለዚህ ዛሬ ወይም ነገ፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሳይገባ፣ በግልጽ ንገሪያቸው። «እማዬ፣ ጥቅምት 30 ክፍል ልገባ ነው። በሽታውን ይዤብሽ እንዳልመጣ ፈርቻለሁ። ምን ትያለሽ?» በያቸው። «ፈጣሪ ያውቃል» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ይችላሉ። እዚያ ላይ አታቁሚ። «እሱማ ያውቃል፤ እስከዚያው ግን እኔና አንቺ ቤታችንን እንዴት እናድርግ?» ብለሽ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቂ። እናቶቻችን የሚሠሩት ነገር ከተሰጣቸው ይበረታሉ፤ ተደብቆባቸው መኖር ነው የሚያደክማቸው።

በዚያ ውይይት ላይ ሳትሸሹ ማየት ያለባችሁ አንድ እውነት አለ። የእናትሽ ደጅ አሁንም ቢሆን ዝግ አይደለም። ጎረቤት ለቡና ይገባል። ለቅሶ አለ፣ እድር አለ፣ ገበያ አለ፣ ቤተ እምነት አለ። አንቺም በሚኒባስ ትሄጃለሽ። ይህን የምልሽ አደጋውን ላሳንስብሽ ፈልጌ አይደለም። አንቺ በሽታው የሚገባው በትምህርት ቤቱ በር ብቻ መስሎሽ መልቀቂያ ልትጽፊ ተነስተሻል፤ ብትለቂም ግን የቡናው ደጅ ክፍት ሆኖ ይቀራል። እንዲያውም ሥራ ባትለቂ፣ የቤታችሁን ልማድ ግን ብታስተካክሉ፣ እናትሽ ከዛሬው የተሻለ ሊጠበቁ ይችላሉ።

ሁለት ክፍል አላችሁ፤ ይህ በአንድ ክፍል ለሚኖር ሰው ትልቅ ነገር ነው። አየር የሚገባበትን ክፍል ለእናትሽ ስጪ፤ ለየብቻ መተኛታችሁም ይቀጥል። ከሥራ ስትመለሺ ጫማሽን ደጅ ላይ አውልቂ፣ እጅሽንና ፊትሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ልብስሽን ቀይሪ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰላምታ። ቡናው ከቤት ወጥቶ ግቢው ውስጥ ይፈላ፤ ስኒ አይዋስ፤ ሰው ይራራቅ። ቤት ውስጥ ተቀራርባችሁ የምትቀመጡ ከሆነ አንቺ ጭምብል አድርጊ። አንድ ከባድ ነገርም አለ፤ ከአንድ ትሪ መብላትና መጎራረስ ለጊዜው ይቅር። እናቷን ማጉረስ የለመደች ልጅ ይህን ስታነብ አንጀቷ እንደሚላወስ አውቃለሁ። ቢሆንም ይቅር። መስኮት ከፍታችሁ፣ በየሳህናችሁ፣ ራቅ ብላችሁ ብሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማስቀድመው ግን የሕክምና ቀጠሯቸውን ነው። ኮሮና ከገባ ወዲህ ሆስፒታል መሄድ እየፈሩ ክትትላቸውን ያቋረጡ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች ብዙ ናቸው። እናትሽ አቋርጠው ከሆነ ጥቅምት 30 ሳይደርስ ውሰጃቸው። ስኳሩና ግፊቱ ልክ ላይ ያለ ሰው ሌላ በሽታ ቢመጣበት የመቋቋም አቅሙ ይሻላል። ሐኪሙ የሚፈቅድ ከሆነ ለሁለትና ለሦስት ወር የሚበቃ መድኃኒት እንዲጻፍላቸው ጠይቂ፤ ምልልሱም ይቀንስላቸዋል። የሚያርፉበት ሰፊ ቤት ያለው ዘመድ ካለና እሳቸው ከወደዱ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እዚያ ቢያሳልፉ መልካም ነው። ካልወደዱ አታስገድጂያቸው፤ በዚህ ዕድሜ ከሰፈር መነቀል በራሱ ያሳምማል።

ስለ ትምህርት ቤቱ ደግሞ፣ የሌሊት ሐሳብሽ ውስጥ ያለው ክፍል የመጋቢቱ ክፍል ነው፤ 63 ልጅ፣ በዴስክ ሦስት። የትምህርት ሚኒስቴር ለ2013 ዓ.ም. መክፈቻ ያወጣው መመሪያ ግን በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ፣ በመካከላቸውም የአንድ ሜትር ርቀት ይላል። የአንቺ 63 ለሦስት ሲካፈል 21 ይመጣል። ማን በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቀን፣ ጠዋት ወይስ ከሰዓት? ሦስቱንም ቡድን አንቺው የምታስተምሪ ከሆነ በሳምንቱ ውስጥ የምታገኚያቸው ልጆች ያው 63 ናቸው። እንዲህ ከሆነ ላንቺ ከርቀቱ ይበልጥ ጭምብሉና አየሩ ይወስናሉ። ይህን ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ከምትጠይቂ የክፍል ድልድሉ ሳይወጣ ርዕሰ መምህሩን ቢሯቸው ገብተሽ ጠይቂ።

ከመክፈቻው ቀን በፊት ብቻሽን ሄደሽ ክፍልሽን እዪ። መስኮቱ ይከፈታል? እንደብዙዎቹ ክፍሎች መስተዋቱ ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኖ ይሆናል፤ ወይም ሌባ ፈርተው በሚስማር ቸንክረውት ይሆናል። ሚስማሩን ማስነቀል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ክፍል ውስጥ ከጭምብሉ ጋር አንቺን አጥብቆ የሚጠብቅሽ ነገር እሱ ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በአብዛኛው በምንተነፍሰውና ስንናገር ከአፋችን በሚወጣው ነው፤ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍል ውስጥ ይበተናል። የጥቅምትና የኅዳር ጠዋት ብርድ እንደሚሆን አትርሺ፤ ልጆቹ ሹራብ ደርበው እንዲመጡ ለወላጆች አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አለበለዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የክፍል አለቃው ራሱ ተነስቶ መስኮቱን ይዘጋዋል። ውኃው ደግሞ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ ቧንቧ አለ ማለት ብቻ በቂ አይደለም። ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ማን ይሞላዋል? ሳሙናው ሲያልቅ ማን ይተካል? ኃላፊ ያልተመደበለት በርሜል በሁለተኛው ሳምንት ባዶ ሆኖ ይገኛል። ትምህርት ቤታችሁ ምገባ ያለበት ከሆነም የምሳውን ሰዓት በተለይ አስቡበት፤ ልጆቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጭምብላቸውን የሚያወልቁት ያኔ ነው። በየተራና ደጅ ላይ ቢበሉ ይመረጣል። ትኩሳት ወይም ሳል የያዘው ልጅ ወላጁ እስኪመጣ የሚቆይበት ቦታም ይለይ፤ ሲሆን አየር ያለበት፣ ልጁንም የማያሳፍር።

ያየሽውን በአንድ ገጽ ጻፊው። አጭር ይሁን፤ ምሬት አይግባበት። «ክፍላችን ሁለት መስኮት አለው፤ አንዱ ተቸንክሯል፤ እስከ መክፈቻው ቀን ይከፈትልን» ዓይነት ይሁን። ከዚያ ብቻሽን አታስገቢው። ባልደረቦችሽን አስፈርሚ፣ ያንን የተረተብሽን ሰው ጨምሮ። ስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ የሚስቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ፍርሃቱን መናገር ያቃተው ነው፤ አንቺ ስለ መስኮት ስትጠይቂ የሱንም ጥያቄ ጠይቀሽለታል። ርዕሰ መምህሩንም እንደ ጠላት አትዪያቸው። ከላይ የመክፈቻ ቀን ተቆርጦ ተሰጥቷቸዋል፤ በእጃቸው ያለው በጀት ግን የሚታወቅ ነው። በመምህራን የተፈረመ ወረቀት እሳቸውም ለክፍለ ከተማው ይዘውት የሚሄዱት ማስረጃ ይሆናቸዋል። ወተመህም (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) አለላችሁ፤ በርሜልና ሳሙና ከመንግሥት ቀድሞ ከወላጅ ሲመጣ አይቻለሁ። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ካሉ የመምህራን ማህበሩ ዘንድ ሂዱ። በ2013 ዓ.ም. ኮሮናን ለመከላከል በወጣው መመሪያ ቁጥር 30 መሠረት ከቤት ውጭ ጭምብል ማድረግ ግዴታ ሆኗል፤ እጅ መጨባበጥም ተከልክሏል። ክፍልሽ ውስጥ ይህን ስታስከብሪ ያስቸገርሽ ሊመስልሽ አይገባም።

ልጆቹ ሮጠው ሲመጡ ላልሽው፣ ሮጠው መምጣታቸው አይቀርም። ለዚያች ቅጽበት አስቀድመሽ ካልተዘጋጀሽ ወይ ታቅፊያቸዋለሽ ወይ ደንግጠሽ ወደ ኋላ ታፈገፍጊያለሽ፤ ወደ ኋላ የምታፈገፍግ መምህርት ደግሞ ልጅ ልብ ውስጥ ትቀራለች። በመጀመሪያው ቀን ቀድመሽ በሩ ላይ ቁሚ። እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ጎንበስ በይላቸው፤ በስማቸው ጥሪያቸው። ግማሽ ፊትሽ ተሸፍኖ ሳለ ፈገግታሽን የሚያውቁት ከድምፅሽና ከስማቸው ነው። «እኔም ናፍቃችሁኛል፤ የምንተቃቀፍበት ቀን ይመጣል፤ ለአሁኑ ሰላምታችን ይህ ነው» በያቸው። የአራተኛ ክፍል ልጅ ምክንያቱ ከተነገረው ከትልቅ ሰው የተሻለ ሕግ ያከብራል።

ሌላም ላንሳ፤ መምህር ካልሆነ ሰው የማያስበው ነገር ነው። ጭምብል አድርገሽ እየጮህሽ ብታስተምሪ በሦስተኛው ቀን ድምፅሽ ይዘጋል፤ በጮህሽ ቁጥርም ትንፋሽ ይበዛል። በዝግታ ተናገሪ፣ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጻፊ፣ ከፊት ዴስክ ራቅ ብለሽ ቁሚ። የጠመኔ ብናኝ ያስላል፤ ስታስይ 21 ጥንድ ዓይን እንደሚያፈጥብሽ ከወዲሁ እወቂ። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ አጥፊ። ደብተር ስታርሚ ጣትን በምራቅ እያረሱ ገጽ መግለጥ የሁላችንም ልማድ ነው፤ ያንን ተዪ። ደብተሩን ራሱን ግን አትፍሪው፤ አርመሽ ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢ፣ ይበቃል።

የሌሊቱ የልብ ምት ከዚህ ሁሉ በኋላም ወዲያው ላይለቅሽ ይችላል። በየቀኑ የሚወጣውን የኮሮና ቁጥር አንዴ እዪ፤ ከዚያ ስልክሽን አስቀምጪ። ሌሊት ከቴሌግራም የሚገኝ መረጃ ለእናትሽ አንዲት ጠብታ ጥበቃ አይጨምርም፤ የአንቺን እንቅልፍ ግን ይወስዳል። ልብሽ ሲመታ ከአልጋሽ ተነሺና እግርሽን መሬት ላይ አሳርፈሽ ተቀመጪ፤ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ ከሳብሽበት ረዘም አድርገሽ በቀስታ አውጪ፤ ጥቂት ጊዜ ደጋግሚው። የምትጸልዪ ከሆነ በዚያው ትንፋሽ ጸልዪ። ቀን ደግሞ ከመክፈቻው በፊት ጭምብልሽን አድርገሽ ባዶ ክፍልሽ ውስጥ ቁሚና የመጀመሪያውን ትምህርትሽን ድምፅሽን አውጥተሽ አስተምሪው። ሰውነት የፈራውን ቦታ ደጋግሞ ሲያየው ይለምደዋል፤ በሸሸው ቁጥር ግን ቦታው እየገዘፈበት ይሄዳል። ይህን ሁሉ አድርገሽ እንቅልፍና ምግብ ለሁለት ሳምንት እንደራቁሽ ከቀሩ፣ ወይም መኖር እስኪያስጠላሽ ከደረሰ፣ ሆድ ይፍጀው ብለሽ አትቀመጪ። በአቅራቢያሽ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ከዚያ ያለፈ ቢሆን የአማኑኤል ሆስፒታል ሐኪሞች በየቀኑ የሚያዩት ሕመም ነው። በአንቺም ሆነ በእናትሽ ላይ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየ ደግሞ ሳትውዪ ሳታድሪ ለኮሮና ጥቆማ ወደተከፈተው ነጻ የስልክ መስመር 8335 ደውዪ።

ሥራ ልልቀቅ ወይ ላልሽኝ፣ አሁን አትልቀቂ እልሻለሁ። የእናትሽ የስኳር መድኃኒት የሚገዛው ከዚያ ደመወዝ ነው። በፍርሃት መካከል የተጻፈ መልቀቂያ ፍርሃቱ ሲበርድ አይመለስም። ልጆቹም አሉ፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረው ትምህርት ቴሌቪዥን የሌለው ቤት አልደረሰም። ወደ ስምንት ወር ገደማ ከደብተር የራቀ የአራተኛ ክፍል ልጅ ማባዛቱን ብቻ ሳይሆን ማንበቡንም ረስቶ ሊጠብቅሽ ይችላል፤ ማስቲካ እያዞረ መሸጥ የለመደውን ወደ ክፍል መልሶ የሚያስቀምጠው ደግሞ የሚያውቀው መምህር ነው። ገብተሽ ጀምሪ፤ የመጀመሪያውን ወር እዪው። መስኮቱ ካልተከፈተ፣ ውኃ ካልመጣ፣ ልጆቹም ተመልሰው በዴስክ ሦስት ከተቀመጡ፣ ያን ጊዜ የእናትሽን የሕክምና ማስረጃ አያይዘሽ ሰው ወደማይበዛበት ሥራ እንድትዛወሪ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቤተ መጻሕፍት ይሁን መዝገብ ቤት። እሱም ካልሆነ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቂ። ሁለቱም ከተከለከሉሽና ብትለቂ፣ «ልጆቹን ትታ ሄደች» የሚልሽን ሰው አትስሚው።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ለእናትሽ ንገሪያቸው።